በራስ ላይ ስለሚደርስ አደጋና በአንጎል ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት

እግዚአብሔር የሰውን ገላ በሠራ ጊዜ አንጎልን፥ የከበረ ዕቃ በግምጃ ቤት እንደሚዘጋ፥ በዐጥንት ግንብ ውስጥ ዘግቶ አስቀመጠው። ግንቡም ብቻ ሳይበቃው በሦስት ሽፋን ጠቅልሎ በጠራ ውሃ ውስጥ አንሳፈፈው። ክብደቱ በጎልማሳ ሰው ከ1300 እስከ 1400 ግራም ያህል ነው፤ አካሉም እንደ ለጋ ዐይብ የለሰለሰ ነው። ሐሳብና ንግግር፥ ትዝታና ዕውቀት፥ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ፥ ቍጣና ትዕግሥትም ሁሉ የሚሠሩት በዚሁ ውስጥ ነው። ዳሩ ግን ይህ ከውጭ ጠላት የሚጠብቀው ግንብ፥ በውስጡ ደም የፈሰሰ ወይም እብጠት የተነሣ እንደ ሆነ፥ ወህኒ ቤት ይሆንበታል። እጅ ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል፤ የጎልማሳ ሰው የራስ ቅል ግን አይለጠጥምና፥ የሚፈሰው ደም ስፍራ የሚያገኘው አንጎሉን በመጭመቅ ነው።

ስለዚህ ነገር ልንጽፍ ያነሣሣን በየቤቱና በየአደባባዩ የሚታየው አንድ ልማድ ነው። ሰው ከፈረስ ሲወድቅ፥ በጠብ መካከል በዱላ ሲመታ፥ ሕፃን ከደረጃ ሲንከባለል፥ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ደም ፈሷልን?» ብሎ ነው። ደም ካልፈሰሰና የተመታው ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ካለ፥ «ተመስገን፥ እግዚአብሔር አወጣው» ይባልና ነገሩ ይረሳል። ከራስ ቆዳ የሚወጣ ደም ግን፥ ምንም ቢበዛና ቢያስደነግጥ፥ ስለ አንጎል የሚነግረን ጥቂት ነው። የራስ ቆዳ የደም ሥር ስለሚበዛበት ትንሽ ቁስል ብዙ ያደማል፤ አንጎልን የጎዳ ምት ደግሞ ከውጭ አንዲት ጭረት እንኳ ላያሳይ ይችላል።

መጻሕፍትን የተማሩ አንባቢዎቻችን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 የተጻፈውን የአቤሜሌክን ታሪክ ያስታውሳሉ። አቤሜሌክ በቴቤስ ከተማ ግንቡን ሲወጋ፥ አንዲት ሴት ከላይ የወፍጮ መጅ ጥላ የራሱን ቅል ሰበረችው። እርሱ ግን ወዲያው አልሞተም፤ ጋሻ ጃግሬውን ጠርቶ፥ ሴት ገደለችው እንዳይባል በሰይፍ እንዲገድለው አዘዘ። ቅሉ የተሰበረ ሰው ስለ ክብሩ አስቦ፥ ቃሉን አስተካክሎ ማዘዙ ብዙ አንባቢን ያስደንቅ ይሆናል፤ ሐኪምን ግን አያስደንቅም። በግብጽም አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ አንድ የሕክምና ጥቅል አለ፤ ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1862 በሉክሶር ገዝቶት፥ ብሬስተድ የተባለው ሊቅ በ1930 ተርጕሞ አሳተመው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ ከአገራችን ሕግ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጥቅሉ ከተዘረዘሩት 48 ጉዳቶች 27ቱ የራስ ጉዳቶች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፥ ቆዳው ሳይቀደድ ቅሉ ከውስጥ ስለ ተሰበረና እግሩን እየጐተተ ስለሚሄድ ሰው ይናገራል። እንግዲህ ያ የጥንት ሐኪም፥ ከላይ ቁስል የሌለበት ሰው ከውስጥ ሊሰበር እንደሚችል ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሐኪሞች የአንጎልን ጉዳት በብዙ ወገን ይከፍሉታል፤ እኛ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ያህል እንናገራለን። ከሁሉ የሚበዛው መናወጥ ነው። ራስ ሲመታ ወይም በብርቱ ሩጫ ላይ ሳለ በድንገት ሲቆም፥ አንጎል በግንቡ ውስጥ ይናወጣል፤ የተሰበረ ነገር ሳይታይ ሥራው ይታወካል። እንዲህ ያለው ሰው ይፈዛል፥ ይዞርበታል፥ ያስመልሰዋል፥ ብርሃንና ጫጫታ ያስጨንቀዋል፤ የወደቀበትን ሰዓት ይረሳና አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል። ራሱን ካልሳተ አንጎሉ አልተናወጠም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ከተናወጡት የሚበዙት ራሳቸውን ከቶ አይስቱም። ብዙዎች በሁለት ሳምንት ገደማ ይሻላቸዋል፤ ልጆች እስከ አራት ሳምንት ይቆያሉ። ከእነርሱ ግን አንዳንዶቹ ለብዙ ወራት ራሳቸውን እያመማቸው፥ እንቅልፍ እያጡና ነገር እየረሱ ይኖራሉ። በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚያስፈራው ሳይድኑ ሌላ ምት መቀበል ነው፤ ስለዚህ ልጁ ራሱን እያመመው ወደ ኳስ ሜዳ የሚሰድ አባት አይመስገን።

ሁለተኛው፥ ፍሬ ወድቆ እንደሚበልዝ፥ የአንጎል ሥጋ ራሱ መቀጥቀጡና መድማቱ ነው። በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ወደ ኋላው ወድቆ ማጅራቱን የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጐዳው በግንባሩ በኩል ያለው አንጎል ነው፤ አንጎል ወደ ፊት ተወርውሮ ከግንባር ዐጥንት ጋራ ይጋጫልና። ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚያልፉት ቀጫጭን የሽታ ጅማቶችም አብረው ይቆረጣሉ። ስለዚህ ከወደቀች በኋላ ወጡ ሲያር የማይሸታት እመቤት «ቸልተኛ ሆነች» ተብላ ከመወቀሷ በፊት መመርመር ይገባታል።

መኪና ሲገለበጥ ራስ በኀይል ሲጠመዘዝ ደግሞ፥ የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያያይዙት ደቃቅ ክሮች ይወጠራሉ፥ ይበጠሳሉም። እንዲህ የደረሰበት ሰው ለብዙ ቀናት ሳይነቃ ይተኛል፤ በሥዕል መሣሪያ ሲታይ ግን አንጎሉ ብዙ ጉዳት የሌለበት ሊመስል ይችላል።

አሁን ሰፋ አድርገን ልንናገርበት ወደሚገባን ነገር ደርሰናል፤ እርሱም የደም መፍሰስ ነው። በዐይንና በጆሮ መካከል ያለው ዐጥንት ከራስ ቅል ሁሉ የሳሳው ነው፤ በስተ ውስጡም አንድ ብርቱ የደም ሥር ያልፍበታል። ዐጥንቱ በዱላ ወይም በድንጋይ ሲሰነጠቅ ያ የደም ሥር ይቀደድና ደሙ በዐጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። የተመታው ሰው አስቀድሞ ጥቂት ራሱን ይስታል፤ ኋላ ግን ይነቃል፥ ይነሣል፥ ይናገራል፥ ይበላል። አንጎሉ ገና አልተጨመቀምና። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ራሱን ይብስ ያመዋል፥ ያስመልሰዋል፥ ያንቀላፋል፤ የአንደኛው ዐይን ብሌን ከሌላው ይልቅ ሰፍቶ ይታያል፤ ካልተረዳም ይሞታል። ነገሩን ይልቁን የሚያሳዝን የሚያደርገው ይህ ነው፤ አንጎሉ ራሱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ስለሆነ፥ ሐኪም በጊዜው ቅሉን ከፍቶ ደሙን ቢያወጣለት፥ ያው ሰው ወደ ቀድሞ ኑሮው ሊመለስ ይችል ነበር።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከተከሳሾች አፍ ብዙ ጊዜ የጻፍሁት ክርክር እንዲህ የሚል ነው፤ «ከመታሁት በኋላ በእግሩ ሄዷል፤ ከሰው ጋራ ተነጋግሯል፤ እራቱን በልቶ ተኝቷል፤ ስለዚህ የገደለው የእኔ ዱላ አይደለም።» ከሟች ወገን ደግሞ «በዚያች ሌሊት መርዝ አጠጥተውታል» የሚል ይነሣል። ከላይ የተናገርነውን የሚያውቅ ዳኛ ግን፥ በእግሩ መሄዱና እራቱን መብላቱ ዱላውን ነጻ እንደማያወጣው ያስተውላል። ይህን ስል ከተመታ በኋላ የሞተ ሁሉ በምቱ ሞተ ማለቴ አይደለም። ሬሳው በሐኪም ሳይመረመር ለአንዱ ወገን መፍረድ ከባድ ነውና፥ ዘመዶች «አስከሬኑ አይነካ» ማለታቸውን ቢተዉ ለሟቹም ለተከሳሹም ፍርዱ ይቀና ነበር።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 የተደነገገውም በዚህ ነገር ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን በድንጋይ ወይም በጡጫ ቢመታው፥ የተመታውም ሳይሞት በአልጋ ላይ ቢውል፥ ኋላም ተነሥቶ በምርኵዝ ወደ ውጭ ቢወጣ፥ መቺው ከደም ነጻ ነው ይላል። ብዙ ሰው ሕጉን እስከዚህ ድረስ ጠቅሶ ይተወዋል። ሕጉ ግን በዚህ አልቆመም፤ መቺው ተጐጂው ሥራ ስለ ፈታበት ዘመን እንዲከፍልና ፈጽሞ እንዲያስፈውሰው አዟል። መነሣት ሌላ፥ መዳን ሌላ መሆኑን ሕጉ ለይቶታል። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ስለ ከባድ የአካል ጉዳት ሲደነግግ፥ የአካልን ብቻ ሳይሆን የአእምሮንም ጤንነት ለዘወትር የሚጐዳውን ጨምሮ ነው። እንግዲህ ከሳሽ ለዳኛ የሚያሳየው ጠባሳ ባይኖረው፥ ከምቱ በፊት ይቈጥረው የነበረውን ሒሳብ ዛሬ መቍጠር እንዳቃተው የሚመሰክሩለት የሥራ ባልደረቦቹ ቃል ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ሌላው የደም መፍሰስ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ጥቂት እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ ከአንጎል ወደ ሽፋኑ የሚያልፉት ትናንሽ የደም ሥሮች ይወጠራሉ። አንድ ሽማግሌ አባት የበሩ ጉበን ራሳቸውን ይመታቸዋል፤ ጥቂት አሻሽተውት ይረሱታል። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ እግራቸውን መጐተት፥ የልጆቻቸውን ስም መሳሳት፥ ቀን ማንቀላፋት ይጀምራሉ። ቤተ ሰቡ «እርጅና መጣ፥ ጃጁ» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ግን ሁልጊዜ እርጅና አይደለም፤ ሐኪም ቅሉን በትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ የተጠራቀመውን አሮጌ ደም ሲያወጣላቸው ብዙዎች ወደ ቀድሞ አእምሯቸው ይመለሳሉ። መጠጥ የሚያበዙ ሰዎችና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱትም በዚህ አደጋ ውስጥ ናቸው። ሕፃንንም አለቀሰ ብሎ በቍጣ መነቅነቅ፥ ሳይመቱት እንዲህ ያለውን ደም ያፈሳል፤ ሞግዚት የሚቀጥር ሁሉ ይህን አስቀድሞ ይንገራት።

በቀድሞ ዘመን ሐኪሙ የሚያየው የዐይንን ብሌንና የእጅን እንቅስቃሴ ብቻ ስለ ነበረ፥ ቅሉን ከየት በኩል እንደሚከፍት በግምት ይወስን ነበር። በ1971 ጎድፍሬ ሃውንስፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ የሠራው ሲቲ ስካን በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ የታማሚ አንጎል ካሳየ ወዲህ፥ ደሙ ያለበት ስፍራ ሳይከፈት ይታያል። በ1974ም ሁለት የግላስጎ ሐኪሞች፥ ቲስዴልና ጄኔት፥ የጉዳቱን ክብደት ዐይን በመክፈት፥ በመናገርና በመንቀሳቀስ የሚለካ ስፍር አወጡ። ስፍሩ ከ3 እስከ 15 ሲሆን፥ ከ13 ጀምሮ ያለው ቀላል፥ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፥ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። «ቀላል» የሚለው ቃል የመጀመሪያውን ቀን የሚለካ እንጂ ኋላ የሚመጡትን ወራት የሚዋስ አይደለም። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊቃውንትን ማስተማር በ2006 ከኖርዌይ አገር ከበርገን ሐኪሞች ጋራ ተጀምሯል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሞትና ስለ መዳን ነው። ከሞት ተርፎ ጠባዩ ስለሚለወጥ ሰው ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ በቤት ውስጥ ብዙ እንባ የሚያፈሰው ግን ይህ ነው። በአሜሪካ አገር በቨርሞንት ክፍል፥ መስከረም 13 ቀን 1848፥ ፊንያስ ጌጅ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ባሩድ በድንጋይ ውስጥ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈነዳ። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የበለጠ፥ ክብደቱም 6 ኪሎ የሆነ የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውዬው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተናገረ፥ በበሬ ጋሪም ላይ ተቀምጦ ወደ ማደሪያው ሄደ። ዶክተር ሃርሎ የተባለው ሐኪም አስታመመው፤ ከወራት በኋላም ቁስሉ ሻረ። እጁም እግሩም ምላሱም ደኅና ነበሩ። ነገር ግን አስቀድሞ ጠንቃቃና የተከበረ አለቃ የነበረው ሰው ቍጡ፥ ተሳዳቢና በምክር የማይጸና ሆነ፤ ወዳጆቹም ያ የምናውቀው ሰው አይደለም አሉ። አሠሪዎቹ ወደ ቀድሞ ሥራው አልመለሱትም።

ይህ የሆነበት ምክንያት በግንባር በኩል ያለው አንጎል ለጠባይ እንደ ልጓም ስለሆነ ነው። ልጓሙ ሲበጠስ ፈረሱ ያው ፈረስ ነው፤ የሚገታው ግን የለም። እንዲህ ያለው ጉዳት የደረሰበት ባል በትንሽ ነገር ይቈጣል፥ ገንዘቡን ይበትናል፥ በእንግዳ ፊት የማይገባ ቃል ይናገራል፤ አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ምንም የማይፈልግና ከመኝታው የማይነሣ ይሆናል። ዘመድ «ዛር ያዘው» ይላል፥ ጎረቤት «መድኃኒት አስደርገውበት ነው» ይላል፥ ሚስት «ጠላኝ» ብላ ወደ ሽማግሌ ትሄዳለች። ለፍች የቀረበላቸው ሽማግሎች «ይህ ጠባይ የመጣበት ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለው መጠየቅን ባይረሱ መልካም ነው፤ መልሱ «ከወደቀ ወዲህ» የሆነ እንደ ሆነ፥ ነገሩ ከሐኪም ዘንድ ሊታይ ይገባዋልና። ጠበሉም ጸሎቱም መልካም ነው፤ የሐኪሙን መንገድ ግን አይዝጋው።

የጌጅ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚተው ነገር አለ። በኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ ለብዙ ዓመታት የመንገደኞች ሠረገላ ነጂ ሆኖ ሠርቷል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፥ ፈረሶችን መጫን፥ በአንድ መንገድ መሄድ የጠፋውን ልጓም በከፊል እንደ ተካለት የሚያስቡ ሊቃውንት አሉ። ለታማሚ ቤተ ሰብም የሚሰጠው ምክር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቀኑን በሥርዐት ማደላደል፥ ነገርን አንድ በአንድ መንገር፥ በጽሑፍ ማስታወስ፥ በድካሙ ሰዓት አለመከራከር ነው። ጌጅ በ1860 በሚጥል በሽታ ሞተ። ይህም በሽታ የራስ ጉዳት ከዳነ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፥ መድኃኒት እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል።

አደጋው በደረሰ ጊዜ ምን ይደረግ ብለው ለሚጠይቁን ክቡራን አንባቢዎች በአጭሩ እንመልሳለን። የወደቀውን አንገቱን ሳያጣምሙ ማንሣት፤ አረቄ አለማጠጣት፥ አስፕሪንም አለመስጠት፤ በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ብቻውን አለመተው ነው። እንቅልፍ ራሱ አይገድልም፤ ነገር ግን በእንቅልፍ ጊዜ ድካሙ ይሰወራልና ሐኪሙ እንዳዘዘው እየቀሰቀሱ ስሙንና ያለበትን ስፍራ መጠየቅ ይገባል። ራስ ምታቱ እየበረታ ቢሄድ፥ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፥ ንግግሩ ቢጐለድፍ፥ አንዱ እጁ ቢደክም፥ ቢንፈራገጥ፥ የዐይኑ ብሌኖች ባይተካከሉ፥ ወይም ከአፍንጫውና ከጆሮው እንደ ውሃ የጠራ ነገር ቢወርድ፥ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ከጆሮ የሚወርደውን በጥጥ መድፈን አይገባም።

ስለ መጠበቂያው ጥቂት እንጨምር። ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስ የተባለው ዝነኛ የእንግሊዝ መኰንን በግንቦት ወር 1935 ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ፥ ስድስት ቀን ሳይነቃ ቆይቶ ሞተ። ካስታመሙት አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለው የአንጎል ሐኪም ነበር፤ እርሱም ኋላ የሞተረኞችን አሟሟት መርምሮ፥ የራስ ቁር ማድረግ ሕይወት እንደሚያድን በ1941 ጽፎ አስረዳ። በ2008 ብዙ ምርመራዎችን በአንድነት የመዘኑ ሊቃውንት፥ ዛሬ ሄልሜት የሚሉት ይህ የራስ ቁር ለሞተረኛ የራስን ጉዳት ከመቶ 69፥ ሞትን ከመቶ 42 እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ለጉግስም ለፈረስ ሽርጥም የተሠራ የራስ ቁር አለ፤ የጌጥ ልብስ ያበላሻል የሚሉ ጐበዞች ቢኖሩም ልጆቻችንን ያለ እርሱ ኮርቻ ላይ አናውጣ። ማሰሪያው ከአገጭ በታች ካልታሰረ ግን ከሰውዬው ቀድሞ ይወድቃል። አንድ ጊዜም በብርቱ የተመታ የራስ ቁር፥ ከውጭ ምንም ስንጥቅ ባይታይበት፥ ምቱን የሚቀበለው የውስጥ ልባዱ ተጨፍልቋልና ሳይዘገይ በሌላ ይለወጥ።